ቤቷን ይዛ የመጣች እንግዳ

ባለቤቴ ባቱል ሁለት ዓመት ሙሉ የሰገደችው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት። መክናስ ከተማ ውስጥ ያላያት ሐኪም የለም፤ አንዱ ክኒን ሰጣት፣ አንዱ ቅባት ሰጣት፣ አንዱ ጎረምሳ ሐኪም ደግሞ «እማማ፣ ዕድሜ ነው» አላት። እሱ ጋ ዳግመኛ አልሄደችም። አንድ ቀን ሰላቷን ጨርሳ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች፣

«አላል፣» አለችኝ፣ «ሰው ተሸክሞ መሬት ሳያስገባኝ፣ እኔ ራሴ በፈቃዴ አንዴ ግንባሬን መሬት ባስነካ ደስ ይለኛል።»

እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው። እኔ ግን፣ ልጆቼ፣ መሳቅ አቃተኝ።

መድኃኒቱ ጠፍቶን አይደለም። ጉልበት ሲይዝ የት እንደሚኬድ በእኛ አገር ሁሉም ያውቃል፤ በነሐሴ ሐሩር በረሃው ዳር ወዳለው መንደር ወደ መርዙጋ ይወረዳል፣ በሽተኛው ትኩስ አሸዋ ውስጥ እስከ አንገቱ ይቀበራል፣ ከዚያ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ላቡ እስኪያልቅ ይተኛል። ሦስት ቀን ተከታትሎ። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመክናስ ሪሳኒ አውቶብስ የነዳሁ ሰው ነኝ። ከሪሳኒ መርዙጋ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ስንቱን እያነከሰ ጭኜ ወስጄ፣ ሻንጣውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ሲመለስ አይቻለሁ። የራሴን ሚስት ግን አልወሰድኳትም።

ያልወሰድኳት ስለማትሄድ ነው። ባቱል ሰው ቤት አታድርም። «ሰው አላስቸግርም» ትላለች። ሆቴልም አታድርም፤ «ማን እንደተኛበት በማላውቀው አንሶላ?» ፌዝ ከተማ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ሄደን እንኳ፣ በማለዳ ብነሳ የሁለት መቶ ሰው ሰሃን ስታጥብ አገኘኋት። በራሷ ቤት ሲሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ደጃፏን የረገጠ ሁሉ ሳይበላ አይወጣም። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ እኛ ቤት የሚደርስበትን ቀን እያሰበ ቁርሱን ሳይበላ ነው የሚመጣው።

ነገሩን የፈታው ወንድሟ ቡዓዛ ነው፤ ሊዮን የሚሠራው። በዚያ ክረምት መኝታ፣ ማድቤት፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ቤት ያለው ትልቅ ነጭ መኪና እየነዳ ከፈረንሳይ መጣ። ቁልፉን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ይኸው ቤት። የራስሽ አንሶላ፣ የራስሽ ድስት። ማንንም አታስቸግሪም። ቤትሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ሁለት ቀን አንሶላ ስትተኩስ ከርማ፣ አራት ኪሎ የበግ ሥጋ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገብታ፣ ሐሙስ ጠዋት ተነሳን።

የመጀመሪያው አደጋ የደረሰብን ገና አዝሩ ከተማ ላይ ነው። እኔ ከዛፍ ጥላ ሥር አቁሜ ሲጋራ ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ ባቱል ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ሁለት ባልዲ የሳሙና ውሃ ወለሉ ላይ ደፍታ፣ በላስቲክ መጥረጊያ ወደ በሩ ትገፋለች። ቤት የሚጸዳው እንደዚያ ነዋ! እናቷም እንደዚያ ነው ያጸዳችው፣ እናቴም። ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ጧ አለ። ከዚያ ማቀዝቀዣው ጸጥ፣ የቀዝቃዛ አየር ማሽኑ ጸጥ፣ መብራቱ ጸጥ።

«ባቱል፣ ምን አደረግሽ? ኤሌክትሪኩ እኮ ወለሉ ሥር ነው!»

«ኤሌክትሪክ ወለል ሥር የሚቀብር ማን ነው?»

«ፈረንሳዮች።»

«ፈረንሳዮች ቤታቸውን አያጥቡም?»

ይህን እኔ በምን አውቃለሁ? ሞተሩ ይሠራል፤ ነዳሁ።

ሚደልት ስንደርስ ሥጋው ላብ ጀምሮታል። «ሁሉንም አሁን መቀቀል ነው» አለች። እኔም ቆምኩ። የት እንደቆምኩ ግን ልብ አላልኩም፤ እጄ በልማዱ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረና አውቶብስ መናኸሪያው ውስጥ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ የድሮ ቦታዬ ላይ አቆመኝ። ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ በሩ ተንኳኳ።

«ሲ አላል! ጡረታ ወጡ ሲባል ሰምተን!» አለ ስሜን በ«ሲ» አክብሮ አንድ የማውቀው የፖም ነጋዴ፣ ሻንጣውን እያስቀደመ። «ደግ አደረጉ። አዲሱ ሾፌር እንደ እብድ ነው የሚነዳው።» ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ዙሪያውን አየና፣ «ኩባንያው አሻሽሏል፣ ማሻአላህ» አለ። ከኋላው አንዲት ሴት ከሁለት ዶሮ ጋር ገባች።

አውቶብስ አለመሆኑን ልናገር አፌን ስከፍት ባቱል ቀደመችኝ።

«ግቡ፣ ግቡ! እንኳን ደህና መጣችሁ! ምሳ ደርሷል።»

ከሚደልት ስንወጣ አሥራ አንድ ሰው በልቶ ነበር። አራቱ አብረውን ተሳፈሩ፤ ዶሮዎቹ ሳይቆጠሩ። ባቱል ፊቷ እንደዚያ ሲያበራ ካየኋት ቆይቷል። «አየህ፣» አለችኝ የዚዝን ሸለቆ እየወረድን፣ ግራና ቀኙ ተምር በተምር ሆኖ፣ «በገዛ ቤት መጓዝ እንዴት ደስ ይላል! ማንንም ሳላስቸግር!» ከኋላችን የፖም ነጋዴው በተተኮሰው አንሶላዋ ላይ ያንኮራፋል።

እነሱን ኤራሺዲያ ከተማ ላይ አራግፌ መርዙጋ ገባሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ግማሽ ሰዓት ቀርቶኝ የምመለስበትን ነገር ያኔ አየሁት። የአሸዋው ተራራ ከመንደሩ ጀርባ ተኝቷል፤ ልክ እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት ቀይ። ባቱል በመስኮቱ አየችው፣ ብዙ አየችው፣ ከዚያ «ይህን ሁሉ ማን ሊጠርገው ነው?» አለች።

አሸዋ ውስጥ ሴቶችን የምትቀብረው ኢቶ የምትባል ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ባሏ ሐዱ ወንዶቹን ይቀብራል፤ እኩያዬ ነው፣ ትራክተርም አለው። ቤታቸው ግድግዳው ክንድ የሚያህል የጭቃ ቤት ነው። ኢቶ የባቱልን ጉልበት በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችና፣

«ይድናል፣ ኢንሻአላህ» አለች። «ከአሸዋው ስትወጪ እኔ ቤት፣ ጭለማው ክፍል ውስጥ ትተኛለሽ። ነፋስ አይነካሽም፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትነኪም፣ አትነሺም። ላብሽ ወደ ውስጥ ከተመለሰ ከበፊቱ ይብሳል። ዋናው መድኃኒት መተኛቱ ነው።»

«ለምን አስቸግርሻለሁ፣ እህቴ?» አለች ባቱል። «እኔ ቤት አለኝ። ይኸው፣ ከግድግዳሽ አሥር እርምጃ።»

ኢቶ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ቤቷን ይዛ የመጣች እንግዳ ገና ዛሬ አየሁ» አለች። ቅር እንዳላት ገብቶኛል።

በመጀመሪያው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀበሯት። ከሩቅ ጃንጥላዋና ራሷ ብቻ ይታዩኛል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ አወጧት፣ እንደ ሕፃን ጠቅልለው አምጥተው መኪናው ውስጥ አስተኟት። ገና ዐይኗን ሳትከድን ጎረቤት መጣ። የዚያ አገር ሰው የተቀበረን ሰው «አላህ ያሽርሽ» ሳይል አያልፍም፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ተምር ይዛ። በሩ ሲንኳኳ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«ግቡ! ግቡ!»

እኔ ዞር ሳልል ተነሳች። ብርድ ልብሱን እንደ ካባ ደርባ፣ ላቧ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ብርጭቆ በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥብ፣ ናናውን ስትቆርጥ አገኘኋት። ሰባት ሴቶች ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። ኢቶ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ?»

«ሰው መጣብኝ እኮ፣ እህቴ። ነይ ግቢ፣ ሻይ አለ።»

«ይህ ቀን አይቆጠርም» አለች ኢቶ ወደ እኔ ዞራ። «ነገ ከአንድ እንጀምራለን።»

በነጋታው እንደገና ቀብረው አምጥተው ሲያስተኟት፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። የመጣውን ሁሉ በእጄ ምልክት፣ በጆሮው ሹክ እያልኩ ልመልስ። መስኮቱን ግን ረስቼዋለሁ።

«አላል! ማን ነው እዚያ?»

«ማንም የለም። ተኚ።»

«የሴት ድምፅ ሰማሁ እኮ! ሰው በር ላይ ታስቆማለህ? መክናስ ሰው አስተናግዶ አያውቅም ይበሉን?»

«እኔ እቀዳላቸዋለሁ፤ አንቺ ብቻ ተኚ።»

እውነቴን ነው፣ ቀዳሁ። ያንን ሻይ አንዷ ሴት ቀመሰችና ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ባቱል በመጋረጃው ስንጥቅ ይህን አየች። ከዚያ በኋላ እሷን አልጋ ላይ የሚያስቀር ኃይል በምድር ላይ አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ኢቶ ጠራችኝ። ሐዱም አጠገቧ ቆሟል።

«ሲ አላል፣ ልንገርህ። ከረቡዕ በኋላ ጉድጓድ አንቆፍርም፤ ነፋሱ ይዞራል፣ አሸዋው ይቀዘቅዛል። ዛሬ እሁድ ነው። የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ነገ ላቧ አንዴ ከቀዘቀዘ እኔ እጄን አላስገባም፤ ጭራሽ መራመድ ቢያቅታት አላህ የሚጠይቀው እኔን ነው። እኔ ቤት አስተኛት።»

«እሺ አትልም፣ ኢቶ።»

«እንግዲያው ይዘሃት ሂድ።»

ባቱልን ለመንኳት። «እኔ ገብቼ ያቺን ደካማ ሴት ላስቸግራት? ቤቴ ደጃፏ ላይ ቆሞ?» አለች። ያቺ ደካማ ሴት በአንድ ክንዷ በርሜል ውሃ ታነሳለች።

ልጆቼ፣ ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብኩ። ሚስቴ አትታዘዝም ማለት አይደለም። የምትታዘዘው ለይሉኝታ ብቻ ነው። በገዛ ቤቷ ሆና ደግሞ ይሉኝታ ተነሺ እንጂ ተኚ አይላትም። ስለዚህ የቀረኝ አንድ ነገር ነው።

ሰኞ እኩለ ቀን፣ እሷ እስከ አንገቷ ተቀብራ ሳለ፣ መኪናዋን አስነሳሁ።

አሸዋ ላይ መኪና እንዳይሰምጥ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ የጎማ አየር ይቀነሳል፣ በዝግታ ይነዳል፣ ፍሬን አይያዝም። ሦስቱንም ገለበጥኳቸው። ጎማውን እንደተነፋ፣ ነዳጁን ረግጬ፣ ዱቄት የመሰለው አሸዋ መሀል ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እርግጠኛ እንድሆን፣ ነዳጁን ሦስት ጊዜ ረገጥኩ። የመኪናዋ የኋላ ጎማዎች እስከ ሆዷ ወረዱ፤ በር ባለበት ጎን ዘመም አለችና በሩ ከግማሽ በላይ አሸዋ ውስጥ ገባ። የባቱል ድስቶች አንድ በአንድ ሲወድቁ ሰማሁ። በሾፌሩ መስኮት ወጣሁ።

መንደሩ ሁሉ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ከቱሪስት ነው የሚጠብቁት።

«ሲ አላል፣» አለ ሐዱ፣ ሳቁን እየዋጠ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳሁ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«አስፋልት ላይ ነበራ።»

«አስፋልት ላይ ነበር» አልኩ። ምን ልበል?

ባቱልን ተጠቅልላ በሐዱ ባለሦስት እግር የጭነት ሞተር ላይ አመጧት። ከብርድ ልብሱ የሚታየው ዐይኗ ብቻ ነው። መኪናዋን አየች፤ እኔን አየች።

«በሩስ?»

«አሸዋ ውስጥ ነው።»

«የት ልትሄድ ነበር?»

«ጥላ ፍለጋ።»

«ጥላ! አሸዋ ተራራ ላይ ጥላ! ያ ረቢ፣ ለዚህ ሰው ነው ስልሳ መንገደኛ በየቀኑ ነፍሱን አደራ የሰጠው?» ተጨማሪ ልትል ነበር፤ ኢቶ ግን ሞተሩን ወደ ቤቷ አዞረችው።

እኔም ተከተልኩ። ጭለማው ክፍል ውስጥ አስተኝተው ገና ሳይወጡ፣ ሦስት ሴቶች ተምር ይዘው ገቡ። ባቱል በክንዷ ተደግፋ ልትነሳ ከጀለች። ኢቶ ከላይዋ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ሻዩን እንኳ ላግዝሽ ብዬ...»

«እኔ ቤት ውስጥ ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ። ወይስ ሻዬን ንቀሽ ነው?»

«አስተግፊሩላህ! እንዴት እንዲህ ትያለሽ፣ እህቴ!»

«እንግዲያው እንግዳዬ ተኝቶ ነው የሚጠጣው።»

ባቱል ተኛች። እንደ ድንጋይ ተኛች። ሴቶቹ አንድ ሰዓት ያህል ሲያወሩ፣ ዐይኗ ብቻ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እየተከተለ ከብርጭቆ ብርጭቆ ይሄዳል። ላቧ ትራሱን አርሶ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ስወጣ እጄን ያዘችና፣ «ስኳሩ አንሷል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ግን ምን ላድርግ፣ ሰው ቤት ነው።»

አሁን የኔ ችግር ሐዱ ሆነ። ገና ከቤቱ ስወጣ ትራክተሩን አስነስቶ ገመድ ይዞ ይጠብቀኛል።

«ና፣ በግማሽ ሰዓት እናወጣታለን።»

«ዛሬ አይሆንም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ።»

«በዚህ ሙቀት መቼ ነው የሚቀዘቅዘው? ጥር ላይ?»

«ዛሬ አይሆንም፣ ሐዱ።»

ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ መጣ፤ ሁለት ወንድሞቹንና አካፋ ጨምሮ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ ምን ሆነ?»

«ማክሰኞ መኪና አላስጎትትም።»

ሐዱ አየኝ። ከዚያ ዞሮ ሚስቱ ቤት ወዳለው ጭለማ ክፍል አየ። ከዚያ መኪናዋን አየ፤ ዘመም ያለችበትን ጎን፣ የተቀበረውን በር። ትራክተሩን አጠፋ። ወንድሞቹን በእነሱ ቋንቋ አንድ ነገር አላቸውና ሄዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሥጋው ትልቁን ቁራጭ ወደ እኔ ገፋው።

እነዚያን ቀናት በሾፌሩ መስኮት እየገባሁ፣ አልጋው ዘመም ስላለ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ተኛሁ። መንደሩ ውስጥ ስሜ «አስፋልት» ሆነ። ሕፃን ሳይቀር «አስፋልት፣ ሰላም አለይኩም!» ይለኛል። ቡዓዛ ደወለ።

«ቤቴ እንዴት ናት?»

«አርፋለች» አልኩት።

ማክሰኞና ረቡዕም ቀበሯት። ሁለቱንም ቀን ኢቶ ቤት ተኝታ ላቧን ጨረሰች፤ «ይሉኝታ ሊገድለኝ ነው» እያለች። ሐሙስ እኩለ ቀን አዛን ሲል እኔ ግቢው ውስጥ እግሬን ስታጠብ ነበር። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ባቱል ቆማ ሰላቷን ጀመረች። ጎንበስ አለች። እኔ ልደግፋት ልገባ አንድ እግሬን አነሳሁ፤ ኢቶ ከማዶ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አስቆመችኝ። ቀኝ ጉልበቷ ታጠፈ። ግራው እምቢ አለ፤ ቆየ፣ አንገራገረ፣ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ቋ አለ፤ ከዚያ እሱም ወረደ። እጇ መሬት ነካ። ግንባሯ መሬት ነካ።

ሱጁዱ ረዘመ። በጣም ረዘመ። መነሳት አቅቷት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። አቅቷት አልነበረም፤ ልትነሳ አልፈለገችም ነበር።

ተነሳች፤ ግድግዳውን ሳትይዝ። ግራ እግሯን ትንሽ ወደ ጎን እየጣለች እስከ መጨረሻው ሰገደች። ስትጨርስ ዞር አለችና በእርጥብ እግሬ ቆሜ አገኘችኝ።

ነገሩን ልነግራት ፈለግሁ። ወላሂ ምላሴ ላይ ነበር።

«ምን ተገትረህ ታየኛለህ?» አለች። «ሂድና ያቺን መኪና አውጣ እንጂ! አራት ቀን ሙሉ የሰው መሳቂያ አደረግከን። አንድ ባል ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱንም አስፋልት ይሉታል።»

ሐዱ ጋ ሄድኩ። «ዛሬ ይሆናል» አልኩት።

«ሞተሩ ቀዘቀዘ?»

«ቀዘቀዘ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሐዱ፣ ፊቱ ላይ አንዳች ሳይታይ።

ግማሽ ሰዓትም አልፈጀበትም። መኪናዋ እያቃሰተች ወጣች፤ በሩ ተከፈተ፣ ሁለት አካፋ አሸዋ ከውስጥ ፈሰሰ። ሐዱ ገመዱን ሲፈታ፣ ወንድሞቹ ላባቸውን ሲጠርጉ፣ ባቱል ከኢቶ ቤት በእግሯ መጣች፤ ያለ ማንም ድጋፍ፣ ትንሽ እያነከሰች፣ ቀሚሷን ሰብስባ። ደረጃውን ወጥታ ውስጥ ገባች። ወዲያው ራሷን በመስኮት አወጣች።

«ግቡ! ሁላችሁም ግቡ! ሻይ ሳትጠጡ ወዴት ነው!»

«ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትነኪ!» አለች ኢቶ ከሩቅ፣ በዚያ ጎርናና ድምጿ። «ሰባት ቀን!»

ባቱል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰው ገብቶ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀመጠ። ብርጭቆዎቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ንጹሕ አይደለም ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።